ጋቢ የለበሰው ምድጃ

ባለቤቴ ሰሞኑን የገዛችውን ባለ መስታወት የኤሌክትሪክ ምድጃ ስትሰካው ውስጡ ቀይ መብራት በራ። እሷ ደስ አላት፤ እኔ ግን የድሮ ንዴቴ መጣብኝ።

ልጅ ሳለሁ አክስቴ ዘይነባ፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ ጅዳ በሰው ማድ ቤት ስትሠራ ኖራ እንዲህ ያለ ምድጃ ይዛ ቆቦ መጣች። ዶሮ ቀምማ ከተተችበትና መግሪብ ልትሰግድ ወደ ጓዳ ገባች። ዶሮው በመስታወቱ ውስጥ ሲቀላ ለማየት ጎረቤቱ ሁሉ በራፋችን ላይ ተሰበሰበ።

«የነዘይነባ ቴሌቪዥን ዛሬ ዶሮ ነው የሚያሳየው» አለ አንዱ።

እናቴ አልሳቀችም። እኛ ዘንድ ምግብ ዓይን እንዳይገባበት ተከድኖ ነው የሚበስለው። የአባቴን ጋቢ ከአልጋ ላይ አንስታ ምድጃውን ከላይ እስከ ታች አለበሰችው። ብዙም ሳይቆይ ጋቢው ጨሰ። አባቴ ሮጦ ሶኬቱን ነቀለና ዶሮውን አውጥቶ ለውሻ ወረወረ።

«መንደር ያፈጠጠበትን ሥጋ ልጆቼ አይበሉም» አለ።

«የጨሰው እኮ ጋቢው ነው፣ ወንድሜ» አለች አክስቴ ከጓዳ ወጥታ።

«ምድጃሽ ነው። ገበናችንን አደባባይ አወጣሽው።»

አክስቴ መስታወቱን እየወለወለች፣ «ስንት ዓመት ለሰው አበሰልሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ለእናንተ ላብስል ብዬ ነበር» አለች። እኔ ለዶሮው ያዘነች መስሎኝ ነበር።

ያኔ ዓይን የፈሩት ዘመዶቼ ዛሬ ገና ሳይጎርሱ የሳህናቸውን ፎቶ በስልክ ለአገር ይበትናሉ። አክስቴ ግን በዚያው ሰሞን ጅዳ ተመለሰች፤ የእጇን ሙያ እስከ ዛሬ የሚያጣጥመው ባዕድ ነው።