በተማሪዬ የቀናሁበት ክረምት

የወሰዱኝ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት እያስተማርኩ ነው። ሁለት ነበሩ። አንደኛው ዩኒፎርም ለብሷል፤ ሌላው ሲቪል ነው። በዚያው ሳምንት በመምህራን ስብሰባ ላይ «የተያዙት ተማሪዎች የት እንዳሉ ለወላጆቻቸው ይነገራቸው» ብዬ ነበር። ከዚያ ሌላ ያልኩት የለም። ሲቪሉ በር ላይ ቆሞ «ለጥያቄ ነው፣ ትመለሻለሽ» አለኝ። ጠመኔውን አስቀምጬ፣ እጄን አራግፌ ወጣሁ።

ያስገቡኝ ከወረታ ዳር ባለ አሮጌ የሩዝ መጋዘን ነው። ወንዶቹ እስረኞች በዋናው መጋዘን ታጭቀዋል። ለሴቶች የተሰጠችው ድሮ የመጋዘን ጠባቂው ቢሮ የነበረች ጠባብ ክፍል ናት። ወለሏ ሲሚንቶ ነው፤ በየጥጉ የሩዝ ገለፈት ተከማችቷል። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ መነጋገር አይቻልም። በሩ ሲከፈት አንዲት ልጅ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

«ቲቸር!»

ተማሪዬ ነበረች። አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምሬያታለሁ። አባቷ ከተማው ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ እርሻ አጥንታ፣ ስለ ሩዝና ስለ ጎርፍ የምትመራመር ሰው ሆናለች። ከአራት ቀን በፊት ቁሐር ሚካኤል ወርዳ ውኃ የተኛበትን ማሳ ፎቶ ስታነሳ ያዟት። ከማሳው ወዲያ የወታደር ሰፈር ነበር። ስልኳ ውስጥ ደግሞ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር የተጻጻፈችው ተገኘ። የተጻጻፈችው ከዩኒቨርሲቲ ጋር ነው። በውጭ አገር፣ በአንድ ትልቅ ከተማ፣ በአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝታ ነበር። የከተማውን ስም አልጽፈውም።

ዕድሉን እንዳገኘች በግንቦት ቤቴ ድረስ መጥታ ነግራኛለች። አቅፌ ስሜያታለሁ። እሷ ስትወጣ ግን ራት አልበላሁም።

ምክንያቱን ከባሌ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በሃያ ሰባት ዓመቴ እኔም እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር። የመጀመሪያ ልጄን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ማንም አትሂጂ አላለኝም። ማንም ሂጂም አላለኝም። ቀኑ አለፈ፣ ልጄ ተወለደች፤ እኔም ወረታ ቀረሁ።

እና አሁን ከዚህች ልጅ ጋር፣ እግር ለእግር ተገናኝተን የምንተኛባት ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ደግሞ ታወራለች። ሌላ የምታወራው አልነበራትም።

«ቲቸር፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሌሊትም አይዘጋም አሉ።»

«እሺ።»

«ከማደሪያው እስከ ትምህርት ክፍሉ በመሬት ውስጥ ባቡር ሦስት ፌርማታ ነው። ወላሂ፣ ካርታውን በቃሌ ይዤዋለሁ።»

ፌርማታዎቹን አንድ በአንድ ትጠራቸዋለች። እኔ ሻርፔን ፊቴ ላይ ስቤ የተኛሁ እመስላለሁ። የምዝገባው ቀን መስከረም መጀመሪያ ላይ ነበር። ጠዋት ጠዋት ስንት ቀን እንደቀራት ትነግረኛለች። ድምፅዋ በየቀኑ እየቀነሰ ሄደ። እውነቱን ልጻፍ ካልኩ፣ ቀኑ ባለፈ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። አዝናለሁም፣ ደስም ይለኛል። ደስታው ግን ይበልጥ ነበር።

ነሐሴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ለምርመራ ጠሩኝ። መርማሪው ጨዋ ሰው ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

«መምህርት፣ ልጆች አሉሽ አይደል?»

«ሁለት አሉኝ።»

በኮምፒውተር የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። አብራኝ የታሰረችው ልጅ የወታደር ሰፈሩን ፎቶ ለውጭ ሰዎች መላኳን በራሷ አንደበት ነግራኛለች ይላል። ከታች የእኔ ስም አለ። የጎደለው ፊርማ ብቻ ነው።

«ፈርሚና ዛሬውኑ ከልጆችሽ ጋር ምሳ ብዪ» አለኝ።

ወዲያው እምቢ አላልኩም። «እስከ ነገ ላስብበት» አልኩት።

«አስቢበት። እኛ አንቸኩልም።»

ጭቃውን እየረገጥኩ ወደ ክፍላችን ስመለስ ልጆቼን እያሰብኩ ነበር ብል ደስ ባለኝ። ያሰብኩት ግን ያንን ባቡር ነው። ሦስቱን ፌርማታ እያለፈ፣ እሷ ሳትኖርበት ሲሄድ ታየኝ። ደስ የሚል ነገር ነበር።

ክፍሉ ስደርስ ጣሪያው አፍስሶ ነበር። የእኔን ፍራሽ ወደ ደረቁ ግድግዳ ስባ፣ የራሷን እርጥቡ ላይ አድርጋዋለች።

«ምን አሉዎት ቲቸር?»

«ያው የስብሰባውን ነገር ነው።»

እናቷ ምግብ አምጥተውላት ነበር። ፍልሰታ ስለሆነ እኔ እንደምጾም አስበው፣ ሥጋና ቅቤ ያልነካው ሩዝ ለብቻው በሳህን ሸፍነው ልከውልኛል። በላሁት። በልቼውም ሐሳቤ አልተለወጠም። የአንድ ሳህን ሩዝ ውለታ ልቤን አራራው ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል።

በማግስቱ ጠዋት ጠባቂው ሳይመጣ አጠገቤ ተቀመጠች። ቀኗን መቁጠር ትታለች።

«በጊዜው አልደርስም» አለችኝ። «ቦታዬን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩልኝ ልለምናቸው ነው። የምጽፍላቸውን በእንግሊዝኛ በቃሌ አዘጋጅቻለሁ። ያርሙልኝ?»

ክፍል ውስጥ ስትጠየቅ እንደምታደርገው እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ አነበነበችው። ስለ እስሩ አላማረረችም። ከአቅሟ በላይ የሆነ ችግር ገጥሟት እንደዘገየች፣ ስለ ፎገራ ሩዝ የጀመረችውን ጥናት ግን እንደማትተወው ነው የምትለው። ሁለት ቦታ ላይ ግሱ ተበላሽቶባታል። አንዱን አረምኩላት። ሁለተኛውን ልተወው አሰብኩ፤ ማን ያውቅብኛል? አፌ ግን እምቢ አለኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ስህተት ሰምቼ ዝም ብዬ አላውቅም።

«ሁለተኛውንም አስተካክዪው» አልኳት። «እንደገና ከመጀመሪያው በዪው።»

ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ሦስተኛው ላይ ምንም ስህተት አልነበረውም። በሩ ተከፈተና ስሜ ተጠራ።

መርማሪው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አዘጋጅቶ ነበር።

«እሺ፣ ምን አሰብሽ?»

«አልፈርምም።»

«ለሷ አዝነሽ ነው?»

«አይደለም። ይህን አላለችኝማ።»

እስክሪብቶ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት፤ ሐሳቤን የለወጥኩ መስሎት ቶሎ ሰጠኝ። ከጽሑፉ ግርጌ «ይህን ለእኔ አልተናገረችም» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ስሜን እስከ አያቴ፣ ቀጥሎም «የኬሚስትሪ መምህርት» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩበት።

ወረቀቱን አንስቶ አነበበው። «ጽሕፈትሽ ያምራል» አለኝ። ከዚያ ጠባቂውን ጠራ።

እሷ መስከረም አጋማሽ ላይ ተፈታች። ምዝገባው አልፎ ነበር። ደብዳቤውን ጻፈችላቸው፤ ቦታዋን አቆዩላትና በዓመቱ ሄደች። እኔ ከእሷ በኋላ ሰባት ሳምንት ቆየሁ። ስወጣ ሜዳው ላይ ሩዝ ይታጨድ ነበር። ክስም ይቅርታም አልነበረም። ደብተሬን ይዤ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

አሁን አርብ አርብ ትደውልልኛለች። ስለ መምህሮቿ፣ ስለ ብርዱ፣ አብራት ስለምትኖረው ልጅ ታጫውተኛለች። እሰማታለሁ፤ እቀናለሁም። ቅናቱ አልተወኝም። በቅርቡ ግን ያችን አንድ ቀን ደብቄያት መኖሩ ከበደኝና ነገርኳት።

«ስለ አንቺ እንድፈርም ጠይቀውኝ ነበር» አልኳት። «ወዲያው እምቢ አላልኩም። አንድ ቀን ሙሉ አስቤበታለሁ።»

«እኔንም ጠይቀውኝ ነበር ቲቸር። ስለ እርስዎ። ከፈረምሽ ለምዝገባው ትደርሻለሽ አሉኝ።»

«መቼ?»

«እርስዎ በገቡ በሦስተኛው ቀን።»

እያንዳንዷን ጠዋት አስታወስኩ። የቀራትን ቀን ስትቆጥርልኝ፣ መውጫው በእጇ ነበር።

«አንቺስ ስንት ቀን አሰብሽበት?» አልኳት።

«ምኑን?» አለችኝ።

ቀልድ አልነበረም። ጥያቄዬ በእውነት አልገባትም። ደግሜ አላብራራሁላትም፤ ስለ ፈተናዋ ጠየቅኋት፣ እሷም ነገረችኝ፤ ስልኩን ዘጋን።

በከተማዋ ቀንቼባታለሁ፤ በቤተ መጻሕፍቷም፣ በእነዚያ ሦስት ፌርማታዎችም ቀንቼባታለሁ። እንደዚያች አርብ ግን ቀንቼባት አላውቅም።