የጎረቤት ጓሮ ሲነገር

ዘመኑ ሃምሳ ሦስት ነበር፤ እኔ የሃያ ስድስት ዓመት ጎልማሳ ነበርኩ። በዚያ ዓመት የቀናሁትን ያህል ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ቀንቼ አላውቅም። የቀናሁት በሴት አይደለም፣ በከብትም አይደለም። በዱባ ነው። የሚስቅ ይሳቅ።

ቤታችን ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ ሰፈር ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ የሰፈሩ ሰው የጓሮ ዘር የሚለምነው ከኛ ደጅ ነበር። ዱባ ቢሉ፣ በርበሬ ቢሉ፣ ቅል ቢሉ፣ ሴቶቹ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ይመጣሉ፤ አባቴም በእፍኙ ይሰጣቸዋል። ዘር በኛ ሰፈር አይሸጥም፣ ይለመናል። ዘር የሚለመን ሰው ደግሞ የተከበረ ሰው ነው። ጠብ ቢነሳ የሚጠራው እሱ ነው፤ ሰርግ ቢኖር ፊት የሚቀመጠው እሱ ነው። አባቴ ሞተና ብዙም ሳይቆይ ደጃችን ጭር አለ። ሴቶቹ የነጠላቸውን ጫፍ እንደያዙ በደጄ እያለፉ ወደ ጎረቤቴ መውረድ ጀመሩ። እኔ አጥሬ ሥር ቆሜ አያቸዋለሁ። «እንዴት አደርክ?» ይሉኛል፣ ያልፋሉ። ሰላምታቸው ራሱ ያንገበግበኝ ነበር።

ጎረቤቴ ባሏ የሞተባት እስላም ሴት ነች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ስለዚህ ፊት ለፊት እትዬ እያልኩ አንቱ እላታለሁ፤ በሆዴ ግን አንቺ ነበር የምላት። ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆን መቼ ይቸግረኝ ነበር! ልጅ ሲታመምብን ቀድማ የምትደርስ እሷ፣ የጠፋ ፍየል ነድታ የምትመልስ እሷ። የሚጠላበትን ምክንያት የማይሰጥ ጎረቤት ከባድ ነገር ነው።

ጓሯችን የሚጠጣው ጎርፍ ነው። የኛ ሜዳ ዝናቡ ጥቂት ነው። በምዕራብ በኩል ተራራው ላይ ሲዘንብ ግን፣ እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ አናታችንን እየወጋን ሳለ፣ ወንዙ ድፍርስ ውሃ ተሸክሞ ያጓራል። ያን ጊዜ ሁሉም ዶማውን ይዞ ይሮጣል። ጎርፉን በድንጋይና በቅርንጫፍ ጠልፈን ወደ ቦይ እናስገባዋለን፤ ከቦዩ ደግሞ እያንዳንዱ የጓሮውን አፍ ከፍቶ በተራው ያጠጣል። ተራውን የሚያዝዙት የውሃ አባት የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። የኔ ጓሮ ቦዩ ራስ ላይ ስለሆነ የመጀመሪያው ተራ የኔ ነው። የሷ ከታች ነው፣ ቦዩ ሊያልቅ ሲል።

በዚያ ክረምት ተራዬን እስከ ጥጉ ጠጣሁት። የጓሮዬን አፍ በዶማ አስፍቼ፣ ጎርፉ ገና እያጓራ ሲመጣ በሙሉ ጉልበቱ ወደኔ እንዲገባ አደረግሁ። እሷ ከታች ዶማዋን ተደግፋ ትጠብቃለች።

«አንተ፣ ዱባህ ዋና ሊማር ነው እንዴ?» ትለኛለች።

«ተራዬ ነው እትዬ። ይጠብቁ።»

«እጠብቃለሁ። ወላሂ፣ ውሃ ወደ ታች መውረዱን መቼ ይተዋል!»

እሷ ጋ የሚደርሰው ጉልበቱን የጨረሰ፣ እየተንፏቀቀ የሚሄድ ውሃ ነበር። እሰይ አልኩ። ዘንድሮ ሴቶቹ ከደጄ ይቆማሉ አልኩ።

እዚህ ላይ የሰፈራችንን ወግ ልንገራችሁ። ኅዳር ላይ በርበሬው ተለቅሞ ዱባው ተቆርጦ ሲያበቃ፣ አንድ እሑድ፣ ክርስቲያኑ ከቅዳሴ ሲመለስ፣ ሰው ሁሉ ሾላው ሥር ይሰበሰብና የየጓሮው ምርት ይነገራል። ግን ማንም የራሱን በራሱ አፍ አያወራም። ዓይን ይስባል፤ ትዕቢትም ነው። ያንተን ጎረቤትህ ይናገርልሃል፣ የሱን አንተ ትናገርለታለህ። ለዚህም ቅዳሜ ጓሮው ገብተህ በእጅህ ዳብሰህ ታያለህ። ጎረቤቱን አሳንሶ የዋሸ ሰው የገዛ ጓሮው ሳይነገር ይቀራል፤ ካልተነገረ ጓሮ ደግሞ ዘር የሚለምን የለም። ተነግሮ ሲያበቃ ዘር ፈላጊው ይነሳና ወደ ወደደው ሰው ይሄዳል። እንግዲህ የሷን የምናገር እኔ ነኝ፤ የኔን የምትናገር እሷ።

ቅዳሜ ጓሮዋ ገባሁ። ባልገባ ይሻለኝ ነበር። ዱባው ከግድግዳው ሥር እንደ ተኛ ጥጃ ተጋድሟል። አንዱን ላነሳ ብዬ ወገቤን ያዘኝ። በርበሬው ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ቅላቱ ዓይን ይወጋል። ካልተነቀለው ተክል ላይ ደግሞ ገና የፈነዳ አበባ አለ። ኅዳር ላይ! ይሄ ምን ይባላል? እሷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች።

«አየህ?»

«አየሁ።»

«ዳብስ እንጂ። ዱባ በዓይን አይታወቅም።»

«ዳብሻለሁ እትዬ።»

«ታዲያ ፊትህ ምነው ጠቆረ? ኮሶ ጠጥተህ ነው የመጣኸው?»

«ፀሐይ ነው» አልኳትና ጎንበስ ብዬ ከመሬቱ አንድ እፍኝ ጨበጥኩ። ለምን እንደጨበጥኩት አላውቅም፤ እጄ አንቆ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ይሆናል። አፈሩ እንደ ሊጥ የጣቶቼን ቅርጽ ይዞ መዳፌ ላይ ቀረ። ጣልኩትና ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ እሷ በተራዋ ወደኔ መጣች። ዱባዎቼን ዳበሰች፤ ለመዳበስም ብዙ አልቆየችም። በርበሬዬን አንድ ሁለቱን አገላብጣ አየች፣ መልሳም በቀስታ አስቀመጠችው። «አላህ ያበርክተው» አለች። ለታመመ ሰው «ዛሬስ ተሽሎሃል» እንደሚሉት ዓይነት ነበር አነጋገሯ። ብትሰድበኝ በወደድኩ።

እሑድ ሾላው ሥር ተሰበሰብን። የውሃ አባት የኔን ስም ሲጠሩ ተነሳሁ።

«ዱባ አለ። በርበሬ አለ። እግዜር ይጨምርላቸው» ብዬ ቁጭ አልኩ።

«ተነስ! ተነስ!» አሉ የውሃ አባት። «ዱባ አለ ማለት ምን ማለት ነው? እኔም ቤት ዱባ አለ፤ ሚስቴ ዱባ የምትለው እኔን ነው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። መልሼ ቆምኩ።

«ትልቅ ነው» አልኩ።

«ምን ያህል ትልቅ?»

ብዋሽ ጓሮዬ ሳይነገር ሊቀር ነው። እውነቱን ብናገር ደግሞ የአባቴን ደጅ በገዛ አፌ ልዘጋው ነው። ሚስቴ ከሴቶቹ መሐል ሆና ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«አንዱን ለብቻዬ ማንሳት አቃተኝ» አልኩ።

ሴቶቹ እልል አሉ። እልልታው ጆሮዬን እንደ ተርብ ነደፈኝ።

«በርበሬውስ?»

«በርበሬውን አትጠይቁኝ። ቅላቱ ዓይን ያስለቅሳል።»

«ዓይንህን ያስለቀሰህ በርበሬው ነው ወይስ ሌላ?» አለ አንዱ ከኋላ ሆኖ። ሳቁ እንደገና ፈነዳ። ዞሬ ሳየው እጁን አፉ ላይ ጭኖ ወደ ሰማይ ያያል።

የሷ ተራ ሆነ። ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ቃል ስትፈልግ ታስታውቃለች። በመጨረሻ «አጥሩ» አለች።

«አጥሩ ምን?» አሉ የውሃ አባት።

«እንዲህ ያለ አጥር ከጎብዬ እስከ ዋጃ የለም። እሾሁ በወግ በወጉ ተሰክቷል። ወላሂ፣ ፍየል አይገባበትም።»

«ፍየሏስ ምን ልትበላ ትገባለች?» አለ ያው ሰውዬ።

ከዚያ በኋላ ሳቅ ነው። አንዲት አሮጊት ከሳቋ ብዛት ምርኩዟ ከእጇ ወደቀ። «ተው፣ ተው» አለች ጎረቤቴ፣ የምሯን ተቆጥታ፤ «በርበሬም አለው። ቀጭን ነው፤ ግን ያቃጥላል። እንደ ባለቤቱ ነው።» ይሄኛው ባሰ።

አልዋሸችም። የገደለኝ እሱ ነው።

ተነግሮ ሲያበቃ ዘር ፈላጊዎቹ ተነሱ። አንዷ ተነሳች፣ ወደ እሷ ሄደች። ሌላዋ ተነሳች፣ ወደ እሷ ሄደች። ወደኔ የመጣ ሰው የለም። ሚስቴም ስትነሳ አየኋት። ወደ ቤት ልትሄድ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ከሴቶቹ ኋላ ተሰለፈች። እኔ ባለሁበት! ሰው ሁሉ እያየ! መሬት ብትከፈት በገባሁ።

ቤት ስንገባ ጮህኩባት።

«የገዛ ባልሽን በአደባባይ!»

«በአደባባይ ዘር ለመንኩ። ሌላ ምን ለመንኩ?»

«የአባቴ ዘር ቤት ውስጥ አለ!»

«የአባትህ ዘር የዘራነው አይደለም እንዴ? ምን ሰጠን? ልጆችህ አጥር ይብሉ?»

«የሷን ዘር እኔ ጓሮ አትዘሪውም።»

«የሷን ዘር?» አለችና ነጠላዋን ፈትታ ፍሬዎቹን ሰፌድ ላይ ዘረገፈቻቸው። ከማድጋው ደግሞ የአባቴን ዘር አውጥታ አጠገቡ አፈሰሰች። «በል ለይልኝ። እሷስ ከየት አመጣችው? ከአባትህ እጅ ነው የወሰደችው። አባትህ ሲሰጣት ቆሜ አይቻለሁ።»

አየሁት። ያው ነው። ጠርዙ ወርቃማ፣ ሆዱ ነጭ፣ አንዱን ከአንዱ መለየት አይቻልም። እንግዲህ ከዚህ የበለጠ ቅናት አለ? የገዛ አባቴ ዘር እኔን እምቢ ብሎ ለሷ ታዘዘ። ሌላ ዘር ቢሆንማ ዘሩ ነው ብዬ እጽናና ነበር።

መቀመጥ አቃተኝና ጓሮ ወጣሁ። እሷ ጋ እንዳደረግሁት አንድ እፍኝ አፈር ጨበጥኩ። በጣቶቼ መሐል እየሾለከ ፈሰሰ፤ መዳፌ ላይ የቀረው ጥቂት ጠጠር ብቻ ነው። አሸዋ ነው። ሌላ ቦታ ጨበጥኩ፣ አሸዋ። ወደ ጓሮው አፍ በቀረብኩ ቁጥር እየባሰበት ይሄዳል። ያን ጊዜ ገባኝ። ጎርፍ ሲመጣ ከባዱን የሚጥለው ቀድሞ ከገባበት ነው። አሸዋውንና ጠጠሩን እኔ አፌን ከፍቼ ተቀበልኩት። ውሃው ከደከመ በኋላ፣ ሲንፏቀቅ፣ ከተራራው ያመጣውን ደቃቅ ደለል እሷ ጋ አስተኛው። አባቴ የጓሮውን አፍ ጠባብ አድርጎ «የመጀመሪያው ውሃ ይለፍ» ይል ነበር። ለጎረቤት ማሰቡ ይመስለኝ ነበር።

ይሄን ማወቄ ቅናቴን ያበረደው እንዳይመስላችሁ። ባሰብኝ እንጂ። እኔ እየሮጥኩ ያጣሁትን እሷ ዶማ ተደግፋ አገኘችው። እኔ ደግሞ ከበታቿ ስሆን መተኛት የማልችል ሰው ነኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አህያዬ ላይ ስልቻ ጭኜ ወደ ቦዩ መጨረሻ ወረድኩ። ከሷ ጓሮ አልፎ ጎርፉ የሚተኛበት፣ የማንም ያልሆነ ረባዳ መሬት አለ፤ ደለሉ እዚያ እንደ ፍርፍር ተከምሯል። እየዛቅሁ ስልቻውን ስሞላ፣ ፍየሎቿን ልትፈታ ወጥታ አየችኝ።

«አንተ፣ ምን ታደርጋለህ?»

«አፈር እጭናለሁ።»

«ለምንህ?»

«ለጓሮዬ።»

ቆማ ስልቻውን አየች፣ አህያውን አየች፣ ሽቅብ ወደ ጓሮዬም አየች። አልሳቀችም።

«በአንድ አህያ አትዘልቀውም። የኔም እዚያ ታስሯል፣ ውሰደው።»

«አልፈልግም እትዬ» አልኳትና ነዳሁ። አንድ ጊዜ አድርሼ ዘረገፍኩት። ከጓሮው ስፋት ጋር ሳየው ጭብጥ አይሞላም። ተመልሼ ወረድኩና፣ ቀና ብዬም ሳላያት፣ አህያዋን ፈታሁት።