የሰባተኛ ቢ ሐኪም

ራኬብ ጦር ኃይሎች፣ የቀራንዮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ የነገውን ትምህርት ታብሰለስላለች። ማስተማር ከጀመረች ገና ሦስተኛ ወሯ ነው። ነገ ጠዋት ዳይሬክተሯ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ እንዴት እንደምታስተምር ልታይ ነው፤ ራኬብ ቋሚ መምህርት መሆኗም መሰናበቷም በዚያች አርባ ደቂቃ ይወሰናል። ከፊቷ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ጃንጥላቸውን ሲያራግፉ ውኃው ጫማዋ ላይ ተረጨ። ይቅርታ ሊጠይቁ ዞር ሲሉ አወቀቻቸው።

«ቲቸር ደመቀ?»

ትኩር ብለው አዩአት። «ቆይ፣ እንዳትነግሪኝ። ሰባተኛ ቢ፣ መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ሳቂታ። ራኬብ።»

ተራቸውን ለቀው ወደ ኋላ መጡና አጠገቧ ቆሙ።

ደመቀ ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ መጽሐፉን እምብዛም የማይከፍቱ ሰው ነበሩ። ዴስኮቹን አሰልፈው ታክሲ ያደርጓቸዋል፤ ተሳፋሪው ከረዳቱ ጋር በእንግሊዝኛ ካልተከራከረ መውረድ የለም። አንድ ቀን የእውነት ሽንኩርትና ቲማቲም ተሸክመው መጥተው ክፍሉን ጉልት አደረጉት። ሌላ ቀን ደግሞ የአንዱን ዓይን በሻርፕ ያስሩና ጓደኛው በእንግሊዝኛ ብቻ እየመራ ከሰሌዳው እስከ በሩ ያደርሰዋል። ልጆቹ የሚሞቱት ግን ለሆስፒታሉ ጨዋታ ነበር፤ ምክንያቱም ያኔ ነጩ ጋዋን ይወጣል።

«ነገ በእርስዎ ጨዋታ ነው የምገባው» አለች ራኬብ። «ሆስፒታሉን አስቤያለሁ። ጋዋኑ አሁንም አለ?»

«ጋዋኑስ አለ። እኔ ግን ከእናንተ በኋላ ያን ጨዋታ አስተምሬ አላውቅም።»

«ምነው፣ ሳቃችን በዛ? ዴስኩ ላይ ተጋድሜ በሽተኛ የሆንኩት እኮ እኔ ነኝ። ሐኪም የሆነችው ውዳሴ ጋዋኑ መሬት እየጠረገ መጣችና እግሬን አየችው፤ ከዚያ ወደ ነርሷ ዞር ብላ በእንግሊዝኛ፣ ‹ይሄ እግር አልቋል፤ አርብ እንቆርጠዋለን፤ ለእሷ አሁን እንዳትነግሯት› አለች። ኮስተር ብላ እኮ ነው። እኔ በሳቅ ከዴስኩ ወደቅኩ። እርስዎም አሥር ከአሥር ሰጧት።»

«ሰጠኋት» አሉ ደመቀ።

ታክሲው መጣ። ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ።

«ደወሉ ሲደወል ጠራኋት። ዓረፍተ ነገሩ ከመጽሐፉ አይደለም፣ ከየት አመጣሽው አልኳት። እናቷ ስኳር ነበረባት፤ እግሯ ቆስሎ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ውዳሴ ከትምህርት ቤት ወጥታ እሷን ታስታምማለች። ሐኪሞቹ ሊያዩአት ሲመጡ አልጋዋ ላይ ቆመው እርስ በርሳቸው በእንግሊዝኛ ይነጋገራሉ። እናትየዋ ምን እንደሚሉ ስለማታውቅ ፊታቸውን እያየች ፈገግ ትላለች። ጥጉ ላይ የቆመችውን ዩኒፎርም ለባሽ ልጅ ደግሞ ማን ልብ ይበላት።»

ራኬብ ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። «የእናቷን እግር ነበር?»

«ከሰማች ሦስት ቀን ሆኗት ነበር፤ ለማንም አልተነፈሰችም። እኔ ጋ ያመጣችው ልታስቃችሁ መሰለሽ? ላርምላት ነው። ‹ቲቸር፣ ተሳስቼ ከሆነ ማርኩን ይቀንሱብኝ› አለችኝ።»

ረዳቱ ሒሳብ ጠየቀ። ራኬብ አልሰማችውም። «እህቴ፣ አንቺን ነው» ሲላት ቀና ብላ እንደማታውቀው አገር ሰው አየችው። እጇ ጉልበቷን ጨብጦ ይዟል።

«ቀነሱላት?» አለች በመጨረሻ።

«የቱን ልቀንስ፣ ራኬብ? አንድም ስህተት አልነበረበትም።»

የዚያኑ ዕለት ልጅቷን ይዘው ሆስፒታል ሄዱ። ከሐኪሞቹ አንዱ የሆነ ወጣት ነገሩን ሲነግሩት ክው አለ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም በአማርኛ አስረዳ። እናትየዋ እስኪጨርስ ጠበቀችው፤ ስለ እግሯ ግን አልጠየቀችም። «ይቺ ልጅ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» ብቻ አለች።

«እግሯ ተቆረጠ፤ እሷ ግን ደህና ናት» አሉ ደመቀ። «በሰው ሠራሽ እግር ትሄዳለች፤ ዘነበወርቅ ሰፈር አገኛታለሁ። ውዳሴ ግን ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ብላ አፏን አልከፈተችም። ፈተናውን ትደፍነዋለች፤ ተናገሪ ስላት ወለሉን ታያለች።»

ይህን ራኬብም ታስታውሳለች። የክፍሉ ልጆች ኮራችብን ብለው ነበር። ስምንተኛን እስኪጨርሱ ድረስ ክፍሉ በሙሉ ውዳሴን «ዶክተር» እያለ ነበር የሚጠራት፤ በር ላይ ስትደርስ «ዶክተር መጣች፣ እግራችሁን ሰብስቡ» ይሏታል።

«ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ» አለች።

 ቀራንዮ ደርሰው ወረዱ።

ቤታቸው ከፌርማታው ብዙም አይርቅም። በራቸው ላይ አቁመዋት ገቡና በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘው ተመለሱ። ራኬብ እጇን አልዘረጋችም።

«ይቅርብኝ ቲቸር። ነገ ታክሲውን አስተምራለሁ።»

ፌስታሉን ክንዷ ላይ አንጠለጠሉላት።

«ያዢው። ግን ማንም ጋዋኑን ሳይለብስ በፊት ዴስኩ ላይ የምትተኛዋን ልጅ አስተምሪያት። ‹የምታወሩት ስለ እኔ ነው፤ ለእኔ ንገሩኝ› ማለት ትልመድ። አንቺን እሱን ሳላስተምርሽ ነው ያስተኛሁሽ።»