ሱሀይር የቀረችባቸው ጠዋቶች

በ1959 ዓ.ም. ሱሀይር ዩኒቨርሲቲ ስትገባ፣ ከእህል በረንዳ ነጋዴዎች ሴት ልጁን እዚያ ያደረሰ ሌላ አልነበረም። አባቷ ሐጂ ኢስሐቅ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ይህንኑ ሲያወሩ መስከረም አለቀ። ጥቅምት ላይ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፋ።

«ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» አሏት። «ሰርገኛ ጤፍ ከማኛ መለየት ያቃተውን ነጋዴ ማን ይጠጋዋል?»

እናቷ በሕይወት የሉም፤ ሌላ የሚታመን ሰው አልነበረም። ስለዚህ ገበያው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጠዋት ጠዋት አጠገባቸው ተቀምጣ ማን እንደመጣ፣ ምን እንደያዘ በጆሯቸው ትነግራቸዋለች። የኬሚስትሪ ትምህርቷ ደግሞ ጠዋት ነበር፤ አባቷ ይህን አያውቁም።

በሪሁን የሚባል የክፍል ጓደኛዋ ደብተሩን ያውሳታል። አንድም ሳታስቀር ትገለብጣለች፤ የገለበጠችው ግን አይገባትም። መጀመሪያ ሰሞን ፊት ተቀምጣ እጇን ታወጣ የነበረች ልጅ፣ ብቅ ስትልም አርፍዳ በር ሥር መቀመጥ አመጣች። መዋሸትም ለመደች፤ አንዴ ታመምኩ፣ አንዴ ዘመድ ሞተብኝ።

መምህሯ አቶ አስናቀው አስጠሯት።

«ከሠላሳ ሁለት ክፍለ ጊዜ የተገኘሽው አሥራ አንዱን ነው። ችግር ካለብሽ ንገሪኝ፣ ለዲኑ ልጻፍልሽ።»

የአባቷ ቃል አንደበቷን ያዘው።

«ችግር የለብኝም ጋሼ። ስንፍና ነው።»

ጥር ላይ ፈተና ተቀመጠች። ግማሹ ጥያቄ ላቦራቶሪ ውስጥ የተሠራውን የሚመለከት ነበር። ውጤት ሲለጠፍ ስሟን ከተባረሩት መካከል አገኘችው።

ከጆንያዎቹ ጀርባ ስታለቅስ ጎረቤታቸው ጋሽ ዱባለ ደረሱባት። አላስችል ብሏት የአባቷን ምስጢር አወጣች።

«የሐጂን ዓይን ነው የምትዪኝ?» አሉ ግራ ገብቷቸው። «ይሄንንማ ከኅዳር ጀምሮ ሁላችንም እናውቃለን እኮ። እንዳይከፋቸው ብለን ዝም አልን እንጂ። እኛው እንጠብቃቸው የለ? ትምህርት የሌለሽ ቀን መስሎን ነው እንጂ አንቺን ምን አስቀመጠሽ?»

በማግሥቱ ወደ አቶ አስናቀው ሮጠች። አንገታቸውን ደፍተው አዳመጧት።

«ያን ዕለት ብትነግሪኝ ኖሮ…» አሉ።

ተመልሳ ለመግባት ለዩኒቨርሲቲው ሁለት ጊዜ ማመልከቻ አስገባች፤ ሁለቱንም አልተቀበሏትም። ለአባቷ ግን አልነገረችም። ሐጂ ኢስሐቅ ከሦስት ዓመት በኋላ ሊሞቱ ሲያጣጥሩ፣ «ዘንድሮ ትመረቂያለሽ አይደል?» አሏት። «አዎ አባዬ» አለች። ከቀብር መልስ ሱቁን ከፈተች፤ ዕድሜዋም እዚያው አለቀ።