የሚዘፍነው የአምቡላንስ ሬዲዮ

«አምቡላንስ ላኩልን! እናትየዋ ደም…» አለች አዋላጇ በመገናኛ ሬዲዮው። የቀረውን ዘፈን ዋጠው።

ዛሬ መቱ፣ ጤና ጣቢያ ቴሌቪዥን ልጠግን ሄጄ ነው። አዋላጇ የምትጣራው ከገጠር ነው፤ እዚያ ስልክ አይሠራም። የት እንዳለች አልሰማንም።

ሬዲዮው የኤፍኤም ጣቢያ ዘፈን መጥለፍ ከጀመረ ቆይቷል። ዘበኛው ጋሼ ቶሌራ «ደስ ስለሚል ዝም አልነው» አሉኝ። (ዘፈኖቹስ አይከፉም።)

ሬዲዮውን ፈታሁት። ቦርዱ ላይ፣ አንቴናው የሚገባበት ጋ፣ ኤፍኤሙን የሚያግድ ካፓሲተር የሚባል ትንሽ ዕቃ በየድኩ።

ዘፈኑ ቆመ። የአዋላጇም ድምፅ የለም።

«ያ ዋቅ!» ብለው ፈጣሪን ጠሩ ጋሼ ቶሌራ።

ከዚያ ድምፅዋ ጥርት ብሎ፦ «ሶር ነን፣ ወደ ፏፏቴው መውረጃ! ኧረ ሰው የለም?»

አምቡላንሱ በረረ። እናትየዋ ተርፋለች።

ጋሼ ቶሌራ ግን ስወጣም ሬዲዮው አጠገብ ቁጭ ብለው ዝምታውን ያዳምጡ ነበር።

እናንተ ጋስ ደስ ስለሚል ዝም የተባለ ብልሽት የለም? ሰው ድረሱልኝ ሳይልበት በፊት ጻፉት።