የጋሽ በርጋ ምርቃትና የሃይዌዩ ምልክት

ከአገር የወጣሁ ዕለት፣ አመሻሹ ላይ፣ እናቴ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችልኝ። ቤታችን አገና ገበያው ጫፍ ላይ ነው። ወንድሜ ወልቂጤ የሚያደርሰኝን ሚኒባስ አስቁሞ ሾፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል፤ እሷ ግን ገና በቅጠሉ ላይ ሌላ ቅጠል ትደርባለች። አላለቀስንም። ለመስቀል የምመለስ መስሎን ነበር፤ እኛ ዘንድ የትም የሄደ ሰው ለመስቀል ይመለሳላ።

ቆጮው ግን አሜሪካ አልገባም። ኤርፖርት ላይ ጓንት ያጠለቀ ፈታሽ ምንድን ነው አለኝ። ዳቦ ነው አልኩት። ከምን የተሠራ? ከእንሰት። እንሰት ምንድን ነው? ሙዝ የማይወጣው የሙዝ ዘመድ። እንዴት ነው የሚዘጋጀው ሲለኝ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ወራት ይቆያል አልኩት። ከዚያ በኋላ ጥያቄ የለም፤ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ዓመታት የሆቴል አልጋ ሳነጥፍ ኖሬ፣ የአገራችን ሰዎች ሱቅ የከፈቱበት መንገድ ላይ ትንሽ ክትፎ ቤት ከፈትኩ። የጥገኝነት ጉዳዬ ዛሬም ውሳኔ አላገኘም፤ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ስለዚህ አገሬ ያቺ ቤት ሆነች። ሰው ሲሞትብን ለቅሶ የምንቀመጠው እዚያ ነበር፣ መስቀልንም የምንውለው እዚያ።

በኋላ አዲስ ሃይዌይ ተሠራና መኪናው ሁሉ በላያችን ማለፍ ጀመረ። መንገዳችን ጭር አለ። አገራችን በቤቶች መሀል የሚያልፈው ሰፊው የሣር መንገድ፣ ጀፎረው፣ ምልክት የለውም፤ የሚያልፍ ሁሉ ከደጅ ይታያል፣ ይጠራል፣ ሳይበላ አይሄድም። እዚህ ማንን ትጠራላችሁ? መኪናው እኮ መስኮቱ ዝግ ነው።

አከራዬ ውል አላድስም አለኝ። ቤቱን የውሻ ፀጉር የሚያስተካክል ሰው ፈልጎታል። እኔ ዘንድ ሰው ካልመጣ ውሻው በየት በኩል ይመጣል ብዬ ጠየቅኩት። ሳይስቅ፣ ውሻ ቀጠሮ አለው አለኝ። ከሃይዌዩ ላይ ምልክት ከተተከለላችሁ ግን እንነጋገራለን አለ።

ምልክት ያለው ያለ ምክንያት አልነበረም። የስቴቱ ምክር ቤት የባህል ሰፈሮችን የሚጠቁም ሰሌዳ በሃይዌዮች ላይ እንዲተከል ሕግ ሊያወጣ ነበር። ስሙ ሕጉ ውስጥ የገባ ሰፈር ሰሌዳ ያገኛል፣ ያልገባው ያው እንዳለ ይቀራል። ከየሰፈሩ አንድ ሰው ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ሁለት ደቂቃ ይናገራል ተባለ። ሰፈሩ እኔን መረጠ። ንግግሬን በእንግሊዝኛ ጽፌ ሥጋ እየከተፍኩ ሳይቀር አጠናሁት።

በቀጠሮው ቀን ጋሽ በርጋ አብረውን መጡ። የጉንችሬ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ዘንድ መጥተው ቀኑን ሙሉ እኔ ቤት መስኮቱ ሥር የሚቀመጡ ሽማግሌ። የሰፈራችን ስም ሲጠራ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሱ። እኛ ዘንድ ታላቅ ሰው ለመናገር ከተነሳ በኋላ ይቀመጡ የሚል አፍ የለም። ወረቀቴን አጣጥፌ አስተርጓሚያቸው ሆንኩ።

በእኛ ሸንጎ ደግሞ ሳይመረቅ ነገር አይከፈትም። ጋሽ በርጋ ሁለቱን መዳፎቻቸውን ወደ ሴናተሮቹ ዘርግተው በጉራጊኛ ጀመሩ።

«ቤታችሁ አይጉደል። የወለዳችሁት ይደግላችሁ። የተከላችሁት ይጽደቅላችሁ። መንገደኛ ከደጃችሁ አይጥፋ። የራቀባችሁ ለመስቀል ይመለስላችሁ።»

ከኋላ የተቀመጡት የሰፈራችን ሰዎች በየመሀሉ አሜን ሲሉ ሰብሳቢው ጸጥታ ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ሰዓቱ ሲያልቅ እያየሁ ነው። ወደ ጉዳዩ ይግቡ ልላቸው አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት፤ ምርቃት ይቋረጣል እንዴ? ቃል በቃል እየተረጎምኩ ሳለሁ ደወሉ ጮኸ።

ሰብሳቢው አመሰገነና፣ «ለመሆኑ ሕጉን ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ?» አለኝ። ልመልስ ስል ሰዓቱ አልቋል ብለው ማይክሮፎኑን ዘጉት። ጋሽ በርጋ ግን ገና ወደ ነገሩ መግባታቸው ነበር፤ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

ሕጉ ጸደቀ። የቻይኖቹ ሰፈር አለበት፣ የሜክሲኮዎቹም አለበት። የእኛ የለም። ክትፎ ቤቴን በወሩ መጨረሻ አስረክባለሁ። ጋሽ በርጋ ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው ከቤት መውጣት ትተዋል፤ ልለምናቸው ሄጄ ፊታቸውን አዞሩብኝ። ይኼ ከቤቱ ይልቅ ከነከነኝ።

ትናንት እናቴ ጋ ደወልኩ። ስለ ቤቱ አልነገርኳትም፤ ስለ ምልክቱና ስለ ሽማግሌው ብቻ ነገርኳት። ምን ብለው መረቁ አለችኝ። በጉራጊኛ አንድ በአንድ አልኩላት፤ አገና ሆና በየመሀሉ አሜን ትላለች። መንገደኛ ከደጃችሁ አይጥፋ ስል አስቆመችኝ።

«ይኸው ነገራችሁ ተነገረ አይደል? ምኑን ነው ያልሰሙት?»

«እማ፣ እነሱ አሜን አላሉም።»

ከጀርባዋ የገበያው ሰው ይሰማኛል።

«አሜን በማይባልበት አገር ምን ያስቀምጥሻል ልጄ? ነይ በቃ።»

ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው፣ አይሰማኝም አልኳት። ነይ፣ ነይ እያለች ነበር፤ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።