አንድ ጊዜ መውጣት፣ አንድ ጊዜ መውረድ

ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ወጋየሁን በስሙ የሚያውቀው ጥቂት ነው። «ያ ልጅቷን የሚያዝለው ዘበኛ» ከተባለ ግን የታክሲ ተራ አስከባሪው ሳይቀር ይጠቁማችኋል። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው ኮንዶሚኒየም ግንባታ ላይ ብሎኬት ሲሸከም ነው፤ ወገቡም እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ነው አንድ የግል ኮሌጅ በር ላይ ጥበቃ ሆኖ የተቀጠረው።

ኮሌጅ ስላችሁ ግቢና ሜዳ ያለው እንዳይመስላችሁ። ከታች ሱቆች፣ መሃል ላይ ጂምና የጥርስ ክሊኒክ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ኮሌጁ። ሊፍቱማ ሕንጻው ከተመረቀ ጀምሮ «እየመጣ ነው»! ጉድጓዱ በቆርቆሮ ተመትቶ ማስታወቂያ ይለጠፍበታል። ውሃም እስከዚያ ድረስ ስለማይወጣ የላይኛው ሽንት ቤት ተቆልፏል፤ የሚሠራው ምድር ላይ፣ ከሕንጻው ጀርባ ያለው ብቻ ነው። እግር ላለው ሰው ይሄ ምኑም አይደለም፤ ትንሽ አጉረምርሞ ይወርዳል።

ሌንሳ ግን አትራመድም። የላፍቶ ገበሬ ልጅ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ላይ አሸዋ የጫነ መኪና ሁለቱንም እግሮቿን ጨፈለቀባት። አካውንቲንግ ልትማር የመጣች ዕለት እናቷ ገዲሴ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች አድርሳት ደረጃውን ቀና ብላ አየችና ፊቷ አመድ መሰለ። ላይ ያሉት የኮሌጁ ሰዎች፣ ሲመዘገቡ ነበር ይሄን ማሰብ፣ ብለዋቸዋል። እናትና ልጅ ወንበሩን ሊያዞሩ ሲሉ ወጋየሁ በሩን ትቶ መጣ፤ ቁጢጥ ብሎ ጀርባውን ሰጣት። ማንም ያዘዘው የለም። እንዲያው አንጀቱ አልችል ብሎት ነው።

ሰማንያ ስምንት ደረጃ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ያወጣታል፣ አስር ሰዓት ላይ ያወርዳታል። መጀመሪያ ሰሞን መሃል ላይም ለሽንት አውርዶ መልሶ ያወጣት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ወገቡ ያዘው። ክፍሉ በር ላይ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀምጧት ቀና ማለት አቃተውና፣ ቦርሳዋን ይዞ ለተከተለው ለባልደረባው ለሮበሌ፣ እየሳቀ፣ «አንድ ጊዜ መውጣት፣ አንድ ጊዜ መውረድ እችላለሁ። ከዚያ ካለፈ ለቀብሬ ተዘጋጅ» አለው። ሮበሌ ሳቀ። ሌንሳም ሳቀች።

ከዚያ ቀን ወዲህ በመሃል አውርዱኝ ብላ አታውቅም። ወጋየሁም ለጠየቀው ሁሉ፣ ይቺ ልጅ ጨዋ ናት፣ አታስቸግርም፣ ለምዳዋለች እያለ ይኩራራባት ጀመር። ምሳ ሰዓት ላይ የታሸገ ውሃ ይወስድላታል፤ ታመሰግነዋለች። ከሰዓት ሲያወርዳት ውሃው ክዳኑ እንኳ ሳይነካ ቦርሳዋ ውስጥ አለ። ለእናቷ ይዛላት እየሄደች ነው ብሎ አሰበና ይባስ ብሎ ሁለት ሁለት ይገዛላት ጀመር። አይ ወጋየሁ! ሴት ልጅን ሽንትሽ አልመጣም ወይ ብሎ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው፤ እሱ እንኳን የሰው ልጅ የራሱን ልጅ ጠይቆ አያውቅም።

ሁለተኛ ዓመት ላይ መቅረት አበዛች። ስትመጣ ጉንፋን ነው ትላለች። እየቀለለችም ሄደች። ወጋየሁ ጀርባው የጠነከረ መስሎት፣ ዛሬስ ቦርሳሽን ብቻ ነው እንዴ ያዘልኩት እያለ ይቀልዳል፤ እሷም ትከሻው ላይ ሆና ትስቃለች። በሦስተኛው ዓመት፣ ለመመረቅ አንድ መንፈቅ ሲቀራት፣ ክፍል ውስጥ ከወንበሯ ተንሸራታ ወደቀች። ሰማንያ ስምንቱን ደረጃ እየሮጠ ነው ያወረዳት። ግንባሯ አንገቱ ላይ ያርፋል፤ ትኩሳቷ ያቃጥለዋል።

አልተመለሰችም። ከአንድ ወር በኋላ አንድ እሑድ ሊጠይቃት ቤታቸው ሄደ። ባዶ እጁን ላለመግባት ጁስና ስድስት ትልልቅ ውሃ ገዝቷል። ገዲሴ ተቀበለችው፤ እግዜር ይስጥልን አለችና ፌስታሉን ሌንሳ እንዳታየው በችኮላ አልጋው ሥር ከተተችው። ልጅቷ ፊቷ አብጧል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ኩላሊቶቿ ሞተዋል፣ በሳምንት ሁለቴ በማሽን ደሟ ይታጠባል። ውሃ በቀን የተፈቀደላት አንድ ብርጭቆ ነው።

ምን ነካሽ ልጄ፣ አላት ወጋየሁ። መልሱ የመጣው ከእናቷ ነው። ገዲሴ ልትወቅሰው አልፈለገችም፤ ሆዷ ውስጥ የከረመው ነገር አምልጧት ነው።

«ሐኪሙ ሽንት እየያዘች ነው፣ ኢንፌክሽኑ እየተመላለሰ ጨረሳት አለ። እኔማ ለምንድነው ውሃ የማትጠጪው ስላት፣ ጋሼን ወገባቸውን ያማቸዋል ትለኝ ነበር።»

«እማ፣ ተይ» አለች ሌንሳ።

ወጋየሁ ያን የመጀመሪያ ሰሞን፣ አግዳሚውን፣ የሮበሌን ሳቅ አስታወሰ። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው አለ በልቡ።

«ልጄ፣ ያ'ኮ ቀልድ ነበር» አላት።

«አውቃለሁ ጋሼ። ግን ወገብዎ የእውነት ያምዎት ነበር።»

ገዲሴ ውሃ በብርጭቆ አቀረበችለት። ፀሐይ ላይ ነበር የመጣው፣ ጉሮሮው ደርቋል፤ ብርጭቆውን ይዞት ቆየና ሳይቀምሰው አስቀመጠው።

ሰኞ ዲኑ ቢሮ ገባ። ተማሪ ሽንት ቤት አጥታ ኩላሊቷን አጣች፣ ወይ የላይኛውን ክፈቱ ወይ ክፍሉን ምድር አውርዱት ብሎ ፊት ለፊት ነገረው። ሽንት ቤቱ የሕንጻው ባለቤት ጉዳይ ነው፣ ምድር ላይ ያለው ክፍልም ለሌላ ተከራይቷል፣ ሐሳብህን ግን ይዘነዋል ተባለ። የያዙት ነገር የታወቀው ሐምሌ ላይ በምረቃው ዕለት ነው። መድረክ ላይ ጠርተው «አካል ጉዳተኛ ተማሪዎቻችንን ስለደገፉ» የሚል የምስክር ወረቀት በፍሬም ሰጡት፤ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። የሌንሳን ስም ያነሳ አልነበረም። ወረቀቱን ጋዜጣ ጠቅልሎበት እቤቱ ፍራሽ ሥር ከተተው።

መስከረም ላይ ሊፍቱ አሁንም እየመጣ ነበር። ቶሌራ የሚባል እግሮቹ የማይታዘዙለት ልጅ ተመዝግቦ ደረጃው ሥር በክራንች ተደግፎ ቆሞ ወደ ላይ ያያል። ወጋየሁ ቁጢጥ አለ፤ ግን ጀርባውን ከመስጠቱ በፊት ዞሮ አየው።

«ስማኝ ልጄ፣ ውሃህን እንደልብህ ጠጣ። ሽንትህ ሲመጣ፣ በቀን አምስት ጊዜም ቢሆን፣ ወጋየሁ ብለህ ጥራኝ። ወገቤ ደህና ነው።»

ከዚያ አዘለውና ግድግዳውን ይዞ መውጣት ጀመረ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ጥርሱን ነክሶ ቆመ። ልጁ እንዳይሰማው ትንፋሹን ዋጠ፤ ከዚያ ቀጠለ።